አሻንጉሊት ያሰጣሁበት ቅዳሜ

ይህን ታሪክ ስናገር ግማሹ ሰው ይስቃል፣ ግማሹ ያማትባል። እኔም እንደ ቀኑ ነኝ፤ ስቄ የጨረስኩበት ጊዜ አለ፣ መሐል ላይ ድምፄ የጠፋበትም ጊዜ አለ። እናንተ እንደፈቀዳችሁ ሁኑ። ብቻ ሳትጨርሱ አትፍረዱብኝ።

ዘመኑ የደርግ ነው። እኔ የሃያ ዘጠኝ ዓመት ሴት ነበርኩ። ከደብረ ብርሃን ተመድቤ መጥቼ ሐረር፣ ከግንቡ ውጭ ባለው አዲሱ ከተማ፣ በአንድ ትምህርት ቤት የእጅ ሥራ አስተምር ነበር። የምኖረው ግን ግንቡ ውስጥ፣ አቦከር ሰፈር ነው፤ አዴ ዘይነባ የሚባሉ የሐረር ተወላጅ እናት ግቢ ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይቼ። ጽዳት ላይ ክፉ ነበርኩ። ምላሴም ክፉ ነበር። ቂም ከያዝኩ ደግሞ አልለቅም፤ እናቴ "አንቺ ልጅ ቂምሽን ለልጅ ልጅ ታወርሻለሽ" ትለኝ ነበር።

ስለ ባሌ ስለ ግርማ አስቀድሜ ካልተናገርኩ የሚቀጥለው አይገባችሁም። ግርማ የጦር ሠራዊት ሾፌር ነበር። ከሐረር ወደ ሰሜን የሚሄዱ ሾፌሮች ሲመረጡ የእሱ ስም አልነበረበትም። የጓደኛው ስም ነበር፤ ጓደኛው ደግሞ ሚስቱ አራስ ነበረች። ግርማ "በእሱ ቦታ እኔ ልሂድ" ብሎ ፈረመ። ለእኔ የነገረኝ ከፈረመ በኋላ ነው።

"ለሰው አራስ ያዘነ አንጀትህ ለራስህ ሚስት ሲሆን ምን ነካው?" አልኩት።

የሚሄድ ቀን አልሸኘሁትም። ጀርባዬን ሰጥቼው ድስት እያጠብኩ "በይ ደህና ሁኚ" ብሎኝ ወጣ። ከዚያ ሁለት ደብዳቤ ጻፈልኝ። ሁለቱንም አነበብኩ፣ አንዱንም አልመለስኩም። ልቀጣው ነበር። "ትንሽ ይረር" ስል ወር ሆነ፣ ወሩ ሰባት ወር ሆነ። ሦስተኛ ደብዳቤ አልመጣም። ሬዲዮው ስለ ሰሜን ጦርነት ባወራ ቁጥር እዘጋው ጀመር። እንደምታውቁት መርዶ የሚነገረው ጎህ ሲቀድ ነው፤ ሽማግሌዎች ተሰብስበው በማለዳ በር ያንኳኳሉ። ስለዚህ በየማለዳው ዓይኔን አፍጥጬ የግቢውን በር አዳምጣለሁ። ፀሐይ ወጥታ ማንም ሳይመጣ ሲቀር "ዛሬም ተርፏል" ብዬ እነሣለሁ። ተነሥቼ ግን ወረቀትና ብዕር አልይዝም። እልኸኛ ነበርኩ፣ ፈሪም ነበርኩ። ምናልባት ደብዳቤዬ ተቀባይ አጥቶ ቢመለስስ?

እንዲህ ባለው ሰሞን አንድ አርብ ዳይሬክተራችን ቢሮው ጠራኝ።

"ሰኞ ከአዲስ አበባ እንግዶች ይመጣሉ" አለኝ። "አሻንጉሊቶቹ ለኤግዚቢሽን ይውጡ።"

አሻንጉሊቶቹ አሥራ ስምንት ናቸው። ከእኔ በፊት የነበሩት የእጅ ሥራ መምህርት በብዙ ዓመት ልፋት የሠሯቸው ነበሩ። ገላቸው በጥጥ የተሞላ ጨርቅ ነው፤ ፊታቸው በክር የተጠለፈ፤ እያንዳንዷ የአንድ አገር ልብስ ለብሳለች። የመንዝ አለች፣ የጉራጌ አለች፣ የሐረሯ ሙሽራ ደግሞ ቬሎ ሳይሆን የራሷን ባለወርቀ ዘቦ ቀሚስና ሱሪ ለብሳ አለች። ከአብዮቱ በፊት ፈረንጆች "ሽጡልን" ብለው ለምነው ተከልክለዋል ይባላል። እኔ ሥራውን ስረከብ "አሥራ ስምንት አሻንጉሊት፣ አንድ የቆርቆሮ ሳጥን" ተብሎ ፈርሜ ተቀብያለሁ። ከዚያ በኋላ ሳጥኑን አልከፈትኩትም።

ዕቃ ቤት ገብቼ ስከፍተው ሽታው ሰነፈጠኝ። ጣሪያው ያፈስ ኖሯል፤ ሳጥኑ ሁለት ክረምት ጠጥቷል። የሐረሯ ሙሽራ ጉንጭ ላይ አረንጓዴ ሻጋታ በቅሏል። ዳይሬክተሩ በሩ ላይ ቆሞ በመሐረብ አፍንጫውን ያዘ።

"የፈረምሽው አንቺ ነሽ" አለኝ። "ሰኞ ጠዋት እንደዚህ ሸትተው ቢቀርቡ ንብረት አበላሸች ተብሎ የሚጻፈውን ደብዳቤ እኔ አልጽፍም፤ ሌላ ሰው ነው የሚጽፈው።"

በዚያ ዘመን እንዲህ ያለ ንግግር ትርጉሙ ምን እንደሆነ ማብራራት አያስፈልገኝም።

ሳጥኑን በተሸካሚ አስይዤ በግንቡ የሸዋ በር አስገብቼ ቤቴ ወሰድኩት። አዴ ዘይነባ ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው ነበር።

"ምንድን ነው እሱ?" አሉኝ።

"የትምህርት ቤት ልብስ ነው፣ አዴ።"

ዋሸሁ። አዴ ዘይነባ የሰው መልክ ያለው ነገር አይወዱም፤ "ሱራ፣ የሰው ምስል፣ ያለበት ቤት መላእክት አይገቡም" ይላሉ። የግርማን ፎቶግራፍ እንኳ ግድግዳዬ ላይ የታገሱኝ በግድ ነው። አሥራ ስምንት አሻንጉሊት ግቢያቸው ውስጥ እንዳለ ቢያውቁ ከነሳጥኔ ያስወጡኛል ብዬ ፈራሁ። የዚያች ትንሽ ውሸት መዘዝ ምን እንደሆነ አሁን ታያላችሁ።

ማታውን በአንዷ ላይ ሞከርኩ። የቀሚሷን ጫፍ በሳሙና ሳጥበው ሽታው እንደገና ተነሣ፤ ጭራሽ ባሰበት። ውኃ እንደማያዋጣ ገባኝ፤ በደረቁ መሥራት አለብኝ። ሳጥኑ ክፍሌ ውስጥ አደረ። ጠዋት ስነቃ ፍራሹም፣ ብርድ ልብሱም፣ ልብሴም፣ ጸጉሬም ሻጋታ ሻጋታ ይላል።

ቅዳሜ ነው። ብስጭት ብዬ ተነሣሁና ቤቱን ገለበጥኩት። አልጋውን፣ ፍራሹን፣ ወንበሮቹን፣ ድስቱን ሁሉ ግቢ አወጣሁ። የግርማን የልብስ ሻንጣ ከፈትኩና ሽታው ገብቶበት እንደሆነ ብዬ ኮቱንና ሸሚዞቹን አንድ በአንድ ገመድ ላይ አሰጣሁ። ፎቶግራፉንም ከግድግዳ አውርጄ ፍራሹ ላይ አስቀመጥኩት። ባዶው ክፍል ውስጥ አንሶላ አነጠፍኩና አሻንጉሊቶቹን በሁለት ረድፍ አስተኛኋቸው፤ ፀሐይ ቀለማቸውን እንዳይበላው ጥላ ይሁን፣ ግን ነፋስ እንዲያገኛቸው በርና መስኮት ይከፈት ብዬ። ሰው ድንገት ብቅ ቢል ደግሞ የማለብሳቸው ሌላ ነጭ አንሶላ አጠገቤ አስቀመጥኩ።

ከዚያ ከሰል ወቀጥኩ። የተወቀጠ ከሰል በጨርቅ ተቋጥሮ ከተቀመጠ ሽታ ይጠጣል፤ ይህን ከእናቴ ነው የተማርኩት። ጸጉሬን አቧራ እንዳይነካው በአሮጌ ጥቁር ሻሽ አሠርኩ። ፊታቸውን የምጠርግበት ለስላሳ ነገር ስፈልግ የግርማን የጺም ብሩሽ አገኘሁ፤ ሲሄድ ረስቶት የሄደው። በሱ ሻጋታውን ቀስ እያልኩ አራግፍ ጀመር። አቧራው ሲነሣ አስነጠሰኝ፣ ዓይኔ አበጠ፣ እንባዬ ወረደ። በከሰል እጄ ሳብሰው ፊቴ ጠቆረ።

አዴ ዘይነባ ወደ ገበያው፣ ወደ ጊደር መጋላ፣ ሊሄዱ ዘንቢላቸውን ይዘው ሲወጡ ግቢው መሐል ቆሙ። ገመዱን አዩ። ፍራሹን አዩ። በበሩ በኩል እኔን አዩኝ። እኔ ቶሎ ብዬ አንሶላውን ሳብኩና አሻንጉሊቶቹን ሸፈንኳቸው። አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። እየፈጠኑ ወጥተው ሄዱ።

"በዕቃው ተቆጥተዋል፤ ሲመለሱ ይቅርታ እጠይቃለሁ" ብዬ ሥራዬን ቀጠልኩ።

ከጠዋቱ አራት ሰዓት ግድም የግቢው በር ሳይንኳኳ ተከፈተ። ቀና ስል ከፊት እትዬ ጥሩወርቅ ናቸው። እትዬ ጥሩወርቅ እዚያው ሐረር ተወልደው ያረጁ፣ የእድራችን ሴቶች የሚሰሟቸው ጎረቤት ናቸው። ከኋላቸው ስምንት ዘጠኝ ሴቶች አሉ። ሁሉም ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል።

እንግዲህ ነጠላ አዘቅዝቆ ሰው ቤት የሚገባ ለምን እንደሆነ የማያውቅ የለም። ብሩሹን እንደያዝኩ ተነሥቼ ቆምኩ። "ዛሬ ማለዳ አልመጡም፤ ተርፏል ብዬ ነበር እኮ" የሚል ሐሳብ መጣብኝ። እትዬ ጥሩወርቅ ደፉን ሲረግጡ እጃቸውን ዘረጉ፤ ዓይናቸው እጄ ላይ ነው፣ የግርማ ብሩሽ ላይ።

"ልጄን! ብሩሹን ታቅፋ! ወይኔ ግርማ! ወይኔ ወንድሜን!" ብለው ደረታቸውን መቱ።

ያን ጊዜ አበቃልኝ። ከዚያ በኋላ የሆነውን የማውቀው ቁርጥራጩን ነው። መሬት ላይ ነበርኩ። ሁለት ሴቶች እጄን ይዘዋል፤ ፊቴን ልነጭ ስል። ግቢው ሞላ። የግርማን ኮት አንዷ ከገመድ አውርዳ አመጣችልኝና አቅፌው ጮህኩ። "የት ነው? የት ወደቀ?" ብዬ መጠየቄን አስታውሳለሁ። እትዬ ጥሩወርቅ እያለቀሱ "የትም ይሁን ልጄ፣ እሱ ፈጣሪ ያውቃል" አሉኝ። መልሱ በቃኝ፤ ከሰሜን ሬሳ አይመጣም፣ ቦታም አይነገርም።

ያፈርኩበት የሚቀጥለው ነው። ሰው ሁሉ እየሰማ ምስጢሬን አወጣሁት።

"ሳልሸኝህ! ጀርባዬን ሰጥቼህ! ሁለት ጊዜ ጽፈህልኝ ሳልመልስልህ!" እያልኩ መሬቱን ደበደብኩ። "በምን አፌ ላልቅስልህ? ማን ሚስቱ ነበርሽ ብሎኝ!"

ሴቶቹ ይህን ሲሰሙ ይበልጥ አለቀሱ። የቂሜን ስም በአደባባይ ሰምቼው አላውቅም ነበር። በውስጤ "ቅጣት" እለው የነበረው ነገር ከአፌ ሲወጣ ጭካኔ ሆኖ ወጣ። አዴ ዘይነባ ከሐረሪ ጎረቤቶቻቸው ጋር መጥተው ራሴን በእግራቸው ላይ አድርገው "ሰብር አድርጊ ልጄ፣ ከአላህ የመጣ ነው፣ ቻዪው" ይሉኛል። እኔ ግን ስለ አላህ አልነበረም የማስበው፤ ሰባት ወር ሙሉ በየቀኑ ልጽፈው እችል ስለነበረ አንድ ገጽ ወረቀት ነበር።

እንዲህ ስንል ቀኑ ስምንት ሰዓት ሆነ። ወንዶቹ ግቢው ውስጥ አግዳሚ ደርድረው ተቀምጠዋል። የእድሩ ዳኛ ጋሽ በላይ፣ ደንብ የሚወዱ ጡረተኛ ናቸው፣ በሩ ላይ መጥተው ጉሮሮአቸውን ጠራረጉ።

"ለመሆኑ መርዶውን ያመጣው ሰው የት ነው?" አሉ። "ከሩቅ አገር ለመጣ እንግዳ ውኃ ያቀረበለት አለ? ምሳ ሳይቀምስ እንዳይሄድ።"

"እትዬ ጥሩወርቅ ናቸው የነገሩን" አለች አንዷ።

"እኔ?" አሉ እትዬ ጥሩወርቅ። "እኔማ በርበሬ ስገዛ ከአዴ ዘይነባ ነው የሰማሁት።"

ሰው ሁሉ ወደ አዴ ዘይነባ ዞረ። አዴ ዘይነባ ራሴን ከእግራቸው ላይ ቀና አደረጉት።

"እኔ ምን አውቄ? ወላሂ እኔ ከእሷ ነው ያየሁት! ቤቷን ባዶ አድርጋ፣ የሰውዬውን ልብስ አውጥታ፣ ፎቶውን አውጥታ፣ ጥቁር አሥራ፣ ፊቷን አጥቁራ ስታለቅስ በዓይኔ አየሁ። ሌላ ምን ይባላል?"

አሁን ሁሉም እኔን አየ። ዞሬ ጥግ ላይ የተሸፈነውን አንሶላ አየሁት። ሴቶቹ ዙሪያውን ተቀምጠው ሳይረግጡት ቆይተዋል።

"ማንም አልነገረኝም" አልኩ። ድምፄ የራሴ አልመሰለኝም። "እናንተ ስትመጡ ነው የሰማሁት።"

"ታዲያ ልብሱን ለምን አወጣሽው?" አሉ ጋሽ በላይ።

እየተንፏቀቅኩ ሄጄ አንሶላውን ገለጥኩት። አሥራ ስምንቱ አሻንጉሊቶች በሁለት ረድፍ ተጋድመው ጣሪያ ጣሪያውን ያያሉ።

"ሻጋታ ሸትተው ነው" አልኩ። "ሰኞ ለእንግዳ ይቀርባሉ። ሽታው ቤቱን ሞላው... ለዚህ ነው ዕቃውን ያወጣሁት።"

"አዑዙ ቢላህ!" አሉ አዴ ዘይነባ ፊታቸውን ሸፍነው። "የትምህርት ቤት ልብስ አላልሽኝም?"

አንዲት ልጅ እግር ሴት ፈርታ ሳቀች፤ ከዚያ ሌላዋ። ሳቁ ግቢ ድረስ ሄደ። እትዬ ጥሩወርቅ አልሳቁም፤ በንዴት ነጠላቸውን ወደ ቦታው እየመለሱ "በቁም ሰው አስቀበራችሁኝ" አሉ። እኔም አልሳቅሁም። እንደ ሞኝ የግርማን ኮት ታቅፌ ቆሜአለሁ።

"ታዲያ ግርማስ?" አልኩ።

ሳቁ ቆመ። አስቡት፤ ሞተ ያለኝ ሰው የለም፣ አለ ያለኝም ሰው የለም። ከሁለት ደቂቃ በፊት መበለት ነበርኩ፤ አሁን ምን እንደሆንኩ አላውቅም። ከለቅሶው ይልቅ ይህ ከበደኝ። በለቅሶው ውስጥ ቢያንስ የማውቀው ነገር ነበር።

ጋሽ በላይ ቀስ ብለው "ሳይሞት ሞተ የተባለ ሰው ዕድሜው ይረዝማል፤ አባቶች ያሉት ነው" አሉኝ። ጥሩ ሰው ናቸው፤ ግን ወደ መሬት እያዩ ነበር የተናገሩት።

ወንዶቹ አግዳሚያቸውን ተሸክመው ሄዱ። ሴቶቹ ግን አልሄዱም። እትዬ ጥሩወርቅ ተቆጥተው እንደ ጨረሱ እጅጌያቸውን ሰበሰቡ።

"መቼም እንባችንን አፍስሰናል፤ ባዶ እጃችንን አንመለስም። ከእነዚህ ምን ቀረሽ?"

አንዷን አንሥቼ አሸተትኩ። ከላይ ጠፍቷል፣ ከውስጥ ግን አለ። አዴ ዘይነባ ከሩቅ ሆነው አፍንጫቸውን አሾሉ።

"ከላይ ብትጠርጊው ምን ዋጋ አለው?" አሉኝ። "ሽታው ሆዱ ውስጥ ነው። ሆዱ የሻገተ ትራስ ስንት ቀን ፀሐይ ቢሞቅ አይድንም። ጥጡን አውጥተሽ ጣዪው።"

እኔ የእጅ ሥራ መምህርት ነኝ፤ ይህን ማሰብ የነበረብኝ እኔ ነበርኩ። የአሥራ ስምንቱን ጀርባ በስፌታቸው ላይ ፈታን። ውስጡ የነበረው ጥጥ ቢጫ ሆኖ ጓጉሏል። አዴ ዘይነባ ሰው ልከው ከጊደር መጋላ አዲስ ጥጥ አስመጡ። ባዶውን ገላ ገልብጠን ነፋስ አስመታነው፤ ልብሱን ለብቻው በጥላ ሰቀልን፤ ከዚያ ሞልተን ሰፋን። አዴ ዘይነባም ሰፉ፤ ብቻ የእሳቸውን ድርሻ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙረው ነው የሰፉት፣ እየሰፉም "አስተግፊሩላህ" ይላሉ። ሳጥኑን ለብቻው በከሰሉና በቅርንፉድ ሞልተን ዘጋነው። ፀሐይ ሳትጠልቅ አሻንጉሊቶቹ ቅርንፉድና አዲስ ጥጥ ይሸቱ ነበር። ሰኞ እንግዶቹ አዩአቸው፣ አደነቁ፣ ሄዱ። ዳይሬክተሩም የንብረቱን ነገር ዳግም አላነሣም። ስለዚያ ከዚህ በላይ የምናገረው የለኝም፤ ያን ሳምንት አሻንጉሊት ሐሳቤ አልነበረም።

ሴቶቹ እንደ ሄዱ፣ አልጋዬን እንኳ ሳላስገባ፣ ግቢው ውስጥ ፍራሹ ላይ ተቀምጬ ጻፍኩ። "ዛሬ አልቅሼልህ ነበር" ብዬ ጀመርኩ። የሆነውን ሁሉ ነገርኩት። ጀርባዬን ሰጥቼህ ስትወጣ ድስቱ ንጹሕ ነበር፣ የማጥበው እንዳላይህ ነው አልኩት። ይቅርታ አድርግልኝ አልኩት። ይህን ቃል ከዚያ በፊት ጽፌው አላውቅም።

መልስ እስኪመጣ ሁለት ወር ከምናምን ጠበቅኩ። ማለዳ ማለዳ የበሩን ድምፅ ስጠብቅ ያረጀሁት በእነዚያ ሁለት ወራት ነው። ደብዳቤው በትምህርት ቤቱ አድራሻ መጣ። የእጅ ጽሕፈቱን ሳይ የተማሪ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ስለ ይቅርታው አንድ መስመር ብቻ ነበር፦ "እኔም ሳልጠይቅሽ ፈርሜ ነበርና እኩል ነን።" የቀረው ቀልድ ነው። "ለቅሶዬ ላይ ማን ማን እንደ መጣ ዘርዝረሽ ጻፊልኝ። ያልመጣውንም ጻፊልኝ" ይላል።

በዓመቱ ፈቃድ አግኝቶ መጣ። ከስቶ፣ ጠቁሮ። በማግሥቱ ዝርዝሩን ይዞ ከቤት ቤት እየዞረ "ለቅሶዬን ስለደረሳችሁልኝ እግዜር ይስጥልኝ" አለ። እትዬ ጥሩወርቅ መጀመሪያ በነጠላቸው ጫፍ መቱት፣ ከዚያ አንገቱን አቅፈው አለቀሱ። አዴ ዘይነባ ክንዱን ጨብጠው ጨብጠው ሥጋ መሆኑን ሳያረጋግጡ ደጃቸውን አላሳለፉትም።

ጎረቤቶቼ ለግርማ ለቅሶ ሁለተኛ ጊዜ የመጡት፣ ወደ ሰሜን ከተመለሰ በኋላ፣ በደንቡ ነው፤ ጎህ ሲቀድ፣ ሽማግሌዎቹ ከፊት ሆነው። ስለዚያ ማለዳ ብዙ አልጽፍም። ባሏ እንደ ሞተባት ሴት አለቀስኩ። ስጮህ የሚያሳፍረኝ ነገር ግን በሆዴ አልነበረም።

ይህን የምታነቡ፣ ያኮረፋችሁት ሰው ካላችሁ ልመክራችሁ አልችልም፤ እኔን መካሪ መልሶኝ አያውቅም። የደረሰብኝን ግን ነገርኳችሁ። ያን ቅዳሜ ከጠዋቱ አራት ሰዓት እስከ ቀኑ ስምንት ሰዓት ባሌ ሞቶ ነበር። ከዚያ በኋላ ሦስት ዓመት ኖረልኝ። በእነዚያ ሦስት ዓመታት ደብዳቤው ደርሶኝ መልስ ሳልጽፍለት ያደርኩበት ቀን የለም።